ያልተፈረመባት ጄት

ኢንጂነር ሀብተሚካኤል አቃቂ በሰቃ ባለው መጋዘን ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር ተዘርረው ተገኙ። ያያቸው ፖሊስ ሁሉ «አዳልጧቸው ነው» አለ። ኢንስፔክተር ማህሌት ግን በሰው አፍ የምትነዳ ሴት አይደለችም። የሟቹ ጫማ በግራሶ ተለውሷል፤ የመሰላሉ እርከኖች ግን ከአቧራ በቀር ምንም አልነካቸውም። ስልካቸውም የለም።

«መሞታቸውን ማን ያውቃል?» አለችው ዘበኛውን ወልደየሱስን።

«እኔና እናንተ ብቻ።»

«እንግዲያው ከሳቸው ጋር በጄቷ ግዢ ላሉት ሦስት ሰዎች ደውል። እግራቸው ተሰብሯል፣ ወጌሻ ይፈለግ በላቸው። ሌላ ቃል እንዳይወጣህ።»

ወይዘሮ በላይነሽ የሚስማር ፋብሪካ ባለቤት ናት። ባሏ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ሲመጣ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ የምታመላልስ ያገለገለች ትንሽ ጄት ለመግዛት ቆርጣለች፤ የምትፈርመውም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነበር። ነርሷ ልጇ ሳምራ በመጀመሪያው በረራ ትሳፈራለች። ግዢውን የያዘው የበላይነሽ ታናሽ ወንድም የሺዋስ፣ ሻጩን ያመጣው ደላላው ተሰማ፣ ሞተሩን በዚሁ መጋዘን የፈተሹት ደግሞ ሟቹ ናቸው። ያቺ ጄት ገና ሳትገዛ ሰው በላች።

በላይነሽ ወጌሻ በመኪናዋ ጭና ደረሰች። ተሰማ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ የሺዋስ ባዶ እጁን መጣ። ማህሌት መርዶውን የነገረቻቸው ያን ጊዜ ነው።

«ትናንት አነጋግረዋቸው ነበር?» አለቻት በላይነሽን።

«ደውለው ‹ሳታገኚኝ እንዳትፈርሚ› አሉኝ። ድምፃቸው አስፈራኝ።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«የሺዋስ አጠገቤ ነበር።»

ተሰማ ላቡን ጠረገ። «እኔ ደላላ ነኝ፣ እዋሻለሁ። ሰው ግን አልገድልም!»

የሺዋስ ተቆጣ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ወደቁ። አስከሬኑን ስጡንና ዛሬውኑ እንቅበራቸው።»

ማህሌት ፖሊሶቿን በሹክሹክታ አዝዛ ሟቹ ብቻቸውን ወደሚኖሩበት ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደች። ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ጠበቃት። ሁሉንም እዚያው አስጠራቻቸው።

«ኢንጂነር መሰላል አልወጡም፤ ያን ሁሉ ግራሶ ይዞ የወጣ ሰው እርከኑን ያቆሽሻል። ተመትተው ነው እዚያ የተጋደሙት። የፈራቸው ደግሞ ስልኩን የሰማ ሰው ነው። ለወይዘሮ በላይነሽ ያ ቃል መዳኛቸው ነበር።» ወደ እድሩ ሰው ዞረች። «ይህን ድንኳን ማን አዘዘ? መቼስ?»

«አቶ የሺዋስ። ወደ መጋዘኑ እየሄድኩ ነው ብለው ደወሉ።»

«ታዲያ ባገራችን ታመመ ከተባለ ሞተ ማለት አይደል?» ጮኸ የሺዋስ።

«ለዚህ ነው ወጌሻ ያስባልኩት። ወጌሻ ለሬሳ አይጠራም። እርስዎ ሐኪም ሳያያቸው አፈር እንዲለብሱ ቸኮሉ።»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። አንድ ፖሊስ ከየሺዋስ መኪና ወንበር ሥር የተገኘውን የሟቹን ስልክ አመጣ። ፎቶው በጄቷ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከር፣ የተሰነጠቀ ምላጭ ያሳያል። ተሰማም ሻጩ ለየሺዋስ ኮሚሽን ቃል እንደገባለት አልደበቀም።

በላይነሽ ፎቶውን አይታ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሳምራ ልትሳፈርባት አልነበረም እንዴ?»

«እሷንማ በሰበብ አስቀራት ነበር፣ እታለም! በእናታችን!»

«የሌላውስ ሰው ልጅ?»

የሺዋስ እጇን ሊይዝ ተጠጋ።

«እንኳን እናታችን ይህን ሳታይ ሞተች» አለችና ፊቷን አዞረችበት።