ለስሙ የተተወው ቦታ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን የመዋሻ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ዘመኑ 1955 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። አዎ፣ በቀን ብርሃን። አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ሰው የፎገራን ሜዳ በክረምት አላየም።

የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውጦታል። ከወረታ ሆኖ አሻግሮ ለሚያይ ሰው መሬት የሚባል ነገር የለም። ውሃ ብቻ። እኔ ያለሁት ውሃው መሃል በቀረች አንዲት ጉብታ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ነው።

ብቻዬን።

ሥራዬ ቁም ጸሐፊነት ነው። ብራና ላይ እጽፋለሁ። አለምነህ ይሉኛል። ይህ የዓለም ስሜ ነው። የክርስትና ስሜን ግን...

በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ክፉ ሰው ከሰማው ይደግምበታል ይባላል። የእኔን የሚያውቁት እናቴና የንስሐ አባቴ ብቻ ነበሩ። ሁለቱም ሞተዋል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ነገ ብሞት፣ ቄሱ በፍትሐቴ ላይ ማን ብሎ እንደሚጸልይልኝ የሚነግረው ሰው የለም።

ከሞቱ ይልቅ ይህ ያስፈራኝ ነበር።

ለጸሐፊ ግን አንድ መላ አለው። የመጽሐፉ መጨረሻ።

መቅድም ስለ መጽሐፉ ያወራል። በቀይ ቀለም የሚጻፈው አርእስት የሚነበበውን ያስታውቃል። “የሰረቀ ይረገም” የሚለው ግዝት ለሌባው ነው፤ ማኅተሙም የባለቤቱ ነው። የመጨረሻዋ ቃል ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ዝም ብሎ ሲገለብጥ የኖረው ጸሐፊ አንድ ጊዜ ስለ ራሱ የሚናገርባት ቦታ ናት። የጻፈው እገሌ... ያጻፈችው እገሊት... በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር... በጸሎታችሁ አስቡኝ። የተማሩት በፈረንጅ አፍ ኮሎፎን ይሏታል አሉ።

እዚያ የሚገባው የክርስትና ስም ነው። መጽሐፉ ሳያልቅ ስሙን የሚጽፍ ጸሐፊም የለም። ቀድሞ የጻፈ ሞቱን ይጠራል እንላለን።

ወደዚያች ጎጆ የሄድሁት የሌላ ሰው ሥራ ልጨርስ ነው። መጽሐፉን ያጻፉት የወረታዋ ወይዘሮ ንግሥቲ ናቸው። የጀመረው ግን አያልነህ የሚባል ከላስታ የመጣ ጸሐፊ ነበር። ጥቂት የብራና ቅጠል ሲቀረው፣ ባለፈው ክረምት፣ እዚያችው ጎጆ ውስጥ ሞተ።

ስሙን ሳያስገባ።

የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ቄስ ማረው በታንኳ ስንቅ ሲያመጡልኝ ጠየቅኋቸው።

“አባ፣ የሟቹ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?”

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“አልነገረንም።”

“ለእርስዎም?”

“ፈራና! የሰው አገር ሰው አይደል። ሲያጣጥር ጆሮየን አፉ ላይ አድርጌ ለመንሁት... እንቢ አለ።”

“ታዲያ በፍትሐቱ ላይ ማን ብለው ጠሩት?”

ቄስ ማረው መሬት መሬት አዩ።

“...ስሙ ጋ ስንደርስ ዝም ብለን አለፍነው።”

“መቃብሩስ?”

በአገጫቸው ወደ ውሃው ጠቆሙኝ። ዘመድ ስለሌለው ዳር ላይ ነው የቀበሩት። አሁን ውሃ ተኝቶበታል።

ነገሩ የጀመረው በአጎዛው ነው።

የምቀመጥበት አጎዛ የእሱ ነበር። አንድ ቀን እጄን ልታጠብ ወጣ ብዬ ስመለስ... ረጥቧል። ቀና ብዬ ጣራውን አየሁ። አያፈስም።

አገላብጬ ተቀመጥሁበት። ምን ላድርግ?

ከዚያ ብርዑ። መቃውን ጫፉን ወደ ቀኝ አጋድዬ ነው የምቀርጸው። በማግስቱ ወደ ግራ ተቀርጾ አገኘሁት። ፍቅፋቂው እዚያው አጎዛው ሥር ወድቋል።

ቀጥሎ ደግሞ የጻፍሁትን ገጽ ልመለከት ገለጥሁት። የሳትኋት አንዲት ቃል ተፍቃለች። በላይዋ ላይ ትክክለኛዋ ገብታለች። የሟቹ ፊደል ወደ ግራ ዘመም ይላል...

ያቺም ቃል ወደ ግራ ዘመም ብላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ? ፈራሁ። ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ስሠራ አጠገቤ ሆኖ የሚያየኝ፣ ስሳሳት የሚያርመኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ሰው ብቻውን ሲከርም እንዲህ ነው የሚሆነው።

እና ያ ቀን መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጨረሻዋን መስመር ጨረስሁ። “ተፈጸመ” ብዬ ጻፍሁ። ዝቅ ብዬም “ይህን መጽሐፍ የጻፈው ባሪያህ” አልሁና...

እጄ ቆመ።

ስሜን ማስገባት እንዴት እንደፈለግሁ! ስንት ዓመት የተመኘኋት ቦታ ናት። ግን አብዛኛውን የጻፈው እሱ ነው። ከኔም ይልቅ እሱ ብቸኛ ነው፤ ለፍትሐቱ እንኳ ስም አጣ። ውሃው ሲጎድል ከላስታ ዘመድ ይፈለግ ይሆናል። ስሙ እስኪታወቅ ብዬ ቦታውን ባዶ ተውሁት። የእኔን በሌላ መጽሐፍ እጽፋለሁ አልሁ።

ከአጎዛው ተነሣሁ። ሰው ያለ ይመስል አንሾካሾክሁ።

“ቦታህን ትቼልሃለሁ።”

የውሃው ድምፅ ብቻ...

“አለምነህ! ኧረ ገመዱን ያዝልኝ!” ቄስ ማረው ናቸው። ወርጄ ታንኳቸውን ያዝሁላቸው። ተያይዘን ወደ ጎጆዋ ወጣን። በጉብታው ላይ ከእኛ ከሁለታችን በቀር ነፍስ ያለው ሰው አልነበረም።

ገባሁ። ብራናውን አየሁ።

ባዶው ቦታ ተሞልቷል።

ቀለሙ አልደረቀም። ፊደሉ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። የተጻፈው ስም ግን የእሱ አይደለም...

የእኔ ነው።

የክርስትና ስሜ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ያልጠራው። ለማንም ያልነገርሁት።

እንባዬ መጣ። ቦታውን ለእኔ ለቀቀልኝ ብዬ አሰብሁ። እሱስ? እሱ ያለ ስም ሊቀር? አንጀቴን በላው።

ቄስ ማረው ብራናውን ተቀበሉኝና ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ወሰዱት። እኔም ተከተልኋቸው። አጎዛው ከኋላዬ ነው።

“ይህን መጽሐፍ የጻፈው ባሪያህ...” ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስሙን ጠሩት።

“አቤት።”

ቄስ ማረው ከብራናው ላይ ቀና አላሉም። ፈገግ አሉ።

“ስምህ ይህ ነው እንዴ ልጄ? ደስ የሚል ስም ነው።”

እኔ አፌን አልከፈትሁም።

ድምፁ የመጣው ከኋላዬ፣ ከአጎዛው ላይ ነው። ዘወር ብዬ አላየሁም። ጠብ... ጠብ... የሚል ውሃ ብቻ ሰማሁ።

መጽሐፉ ዛሬም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይነበባል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ በስሜ ይጸልያሉ። ያ ሁሉ ጸሎት ለማን እንደሚደርስ አላውቅም።

እኔም ከዚያ ወዲህ አዲሱ የንስሐ አባቴ በክርስትና ስሜ ሲጠሩኝ ቶሎ አልመልስም። ትንሽ እጠብቃለሁ...

መጀመሪያ እሱ “አቤት” ይላል።