በምራቂ የመጣው በር

ይሄ ነገር በእኔ ላይ ደርሷል። ማታ አይደለም፣ መብራት ጠፍቶ አይደለም፣ ብቻዬን ሆኜም አይደለም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታው፣ እናቴ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ፈጠራ ነው» የምትሉ በሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችን እኔም በንቀት ሳያቸው ነው የኖርኩት።

ሥራዬ የራጅ ፊልም ማንበብ ነው። ፊልም ሲመጣልኝ ዓይኔን መሃሉ ላይ አላሳርፍም። ሁልጊዜ ከዳር እጀምራለሁ። መሃሉን ማንም ያየዋል፤ ሰው የሚያመልጠው ዳር ላይ ያለው ነው። ቤት ስገባም እንደዚያው ነኝ። እናቴ «ደግሞ ግድግዳዬን መመርመር ጀመረች» ትለኛለች።

እናቴ የምትኖረው ብቻዋን ነው። ቤቷ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከጀርባው ማንም የማይሄድበት ባዶ ሜዳ አለ፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ቤቱ የፊት በር አለው። ከሳሎን ወደ ኩሽና የሚያስገባ በር አለው። አንድ ሰፊ መስኮት አለው።

የጓሮ በር የለውም። ይሄን ያዙልኝ።

አንድ ቀን፣ በር ሲከፈት የሚናገር አላርም የሚሸጥ ሰውዬ መጥቶ አንኳኳ። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። መታወቂያው ግን ፎቶው ወደ ደረቱ እንደዞረ ነው የዋለው። ይሄን የነገረችኝ እናቴ ራሷ ናት፣ ያውም እያደነቀችው። ሥርዓት ያለው ልጅ ነው አለችኝ።

ሥርዓት ያለው ልጅ፣ ጎረቤትዎ ሰሞኑን ተዘርፈዋል አላት። ጎረቤታችንን ጠየቅኳት፤ ማንም አልዘረፋትም። ይሄ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው አላት። አላርሙ በነፃ ነው፣ የሚከፍሉት ለአገልግሎቱ ብቻ ነው አላት። ከዚያ ቤት የማትገኝበትን ሰዓትና ውድ ዕቃ የምታስቀምጥበትን ቦታ ጠየቃት። «ለሲስተሙ» ያስፈልጋል ተብሎ።

ተራ ሌባ ከዚህ ሰውዬ በስንት ጣዕሙ። ቢያንስ አጥር ይዘላል፣ ይለፋል። ይሄኛው በፊት በር ገብቶ፣ ውሃ ቀርቦለት፣ ተመርቆ ነው የወጣው።

እስቲ ፈቃድህን አሳየኝ ያለው የለም። ድርጅቱ ጋ ደውሎ ይሄን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ውሉን እናንብበውና ነገ ና ያለው የለም። ያን ቀን ሊጠይቃት መጥቶ የነበረው ታናሽ ወንድሜ እዚያው ፈረመ።

ወንድሜን ቤተሰቡ ሁሉ «ምራቂው» ነው የሚለው። ቲማቲም ሲገዛ ምራቂ፣ ጫማ ሲገዛ ምራቂ... ጥርሱን ያስነቀለ ቀን እንኳን ምራቂ ሳይጠይቅ የወጣ አይመስለኝም። ሻጩ ገና ቁጭ ከማለቱ አወቀበት።

«ሦስት ሴንሰር ለሚወስድ አራተኛው ምራቂ ነው» አለው።

ሦስቱን በሮቹና መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ለአራተኛው ቦታ አልነበረም። ወንድሜ ግን በነፃ የተገኘ ነገር ሲባክን ማየት አይችልም። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ፣ አላርሙ በእርስዎ ድምፅ ነው የሚናገረው፣ የየበሩን ስም ይጥሩልኝ ብሎ እናቴን ሲቀዳ፣ ወንድሜ ለአራተኛውም ስም አወጣለት።

«የጓሮ በር በይው፣ እማዬ። ባዶውን ከሚቀር።»

አለችው።

በዚያ ቅዳሜ ካቻቪቴዬን ይዤ ሄድኩ። የአላርሙን ሳጥን ነቅዬ ከነውሉ ለፖሊስ ላስረክብ ነው። ምራቂውም እዚያ እንደሚጠብቀኝ ነግሮኛል።

እጄ ገና የበሩን እጀታ ሳይነካ፣ ከውስጥ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«የፊት በር... ተከፈተ።»

የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የማይረባ ዕቃ፣ አልኩ በልቤ። ሰዓቱን እንኳን በቅጡ አያውቅም።

«መጣች መርማሪዋ» አለ ወንድሜ ተንጋልሎ።

ሳጥኑ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነጭ ነው፣ የመጽሐፍ ያህል። እናቴ ከሳጥኑ ራቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ድሮ የማትቀመጥበት ቦታ ላይ።

«ድምፁ የኔ አይደለም» አለችኝ ቀስ ብላ።

ምራቂው ሳቀባት። ሰው የተቀዳ ድምፁን ሲሰማ የራሱ አይመስለውም አለ። ወንድሜ በዕድሜው አንድ ትክክለኛ ነገር ተናግሮ ከሆነ ይሄው ነው፤ እኔም እውነቱን ነው አልኳት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

ውሉን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«የጓሮ በር... ተከፈተ።»

ቀና አልኩ።

«አራተኛውን የት ለጠፍከው?» አልኩት ወንድሜን።

«የትም። መሳቢያ ውስጥ ነው።»

መሳቢያውን ሳብኩት። ሴንሰሩ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። ላስቲኩ አልተቀደደም።

«በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይከፈታል» አለች እናቴ። በገዛ ቤቷ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ተከፈተ ሲል እሰማለሁ። ተዘጋ ሲል ግን... አንድ ቀን እንኳን ሰምቼ አላውቅም።»

ተነሺና እኔ ጋ እንሂድ አልኳት። ተቆጣች። ቤቱን አባታችን በእጁ ነው የሠራው፤ እዚሁ ነው የሞተውም። አንድ ፕላስቲክ ከቤቴ አያስወጣኝም፣ ከወጣሁ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው አለች።

ልክ ነበረች። ስለዚህ መውጣት ያለበት ፕላስቲኩ ነው።

ብሎኖቹን ፈታሁ። ሳጥኑን ከግድግዳው አወረድኩት። ክዳኑን አነሳሁ።

ባዶ ነው።

እንደ ልማዴ ከዳር ጀመርኩ። ሽቦ የለም። ባትሪ የለም። ድምፅ የሚያወጣ ነገር የለም። መሃሉ ላይ፣ ክብደት እንዲኖረው፣ አንድ ድንጋይ በፕላስተር ተለጥፏል።

ድንጋይ። ወንድሜ ለድንጋይ ፈርሟል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ምራቂ ጠይቋል።

ሳቄ መጣ። ሳቅኩም።

ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ይሄ ድንጋይ... እኔ እየሰማሁት ሁለቴ ተናግሯል።

ሻጩ ትቶት በሄደው ካርድ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ሻጩ አነሳ፤ ድምፁ ማር ነው። ሳጥኑን እንደከፈትኩት ነገርኩት። ድንጋዩን ነገርኩት። ሌባ አልኩት። ምንም አልመሰለው። መሳሳት ያለ ነው፣ ለማሳያ የተሠራው ይሆናል ለእናንተ የደረሳችሁ፣ ቴክኒሻን እንልካለን... እያለ ቀጠለ።

«ባዶ ከሆነ ታዲያ እንዴት ነው የሚናገረው?» አልኩት።



«ማነው የሚናገረው?» አለኝ።

«ሳጥኑ ነዋ። የጓሮ በር ተከፈተ ይላል» አልኩት።

ትንፋሹን እሰማለሁ። ማሩ አልቋል።

«እመቤት... የቀዳሁት ለይምሰል ነው። ስልኬ ላይ ነው የቀዳሁት። ከቤታችሁ ሳልርቅ ነው ያጠፋሁት።»

«እና?»

«እኛ የምንሸጠው ሳጥን አይናገርም።» አሁን እሱም በሹክሹክታ ነው። «ውስጡ ምንም የለም እኮ።»

ዘጋው። መልሼ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። ሰዎች ይጠብቀናል ብለው የከፈሉት ፍጡር ይሄ ነው።

«የኩሽና በር...»

ሳጥኑ እጄ ላይ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ድምፁ ከእጄ አልመጣም። ከግድግዳውም አልመጣም።

ከኩሽና ነው የመጣው።

ሦስታችንም በሩን አየነው። ተዘግቷል። እጀታው ግን ወደ ታች ተጭኗል። አልተመለሰም። አንድ ሰው ከወዲያ በኩል ይዞት... እንደሚጠብቅ።

እናቴ ተነሳች። ጫማዋን እንኳን አልፈለገችም።

«እንውጣ» አለች።

ምራቂው ቀድሞን ደጅ ደርሷል። ቤተሰቡን ጥሎ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋ።

የፊት በሩን ቆለፍኩት። ሳጥኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መሄድ ነበረብን። እኔ ግን አንድ ነገር ሳላረጋግጥ መተው አልችልም፤ ሰው ያደረገኝም ያበላሸኝም ይሄው ነው። እናቴ ክንዴን አልለቅም ስላለች አብረን በቤቱ ጎን ዞርን።

የጀርባው ግድግዳ ያው የምናውቀው ግድግዳ ነው። በር የለውም። ስንጥቅ እንኳን የለውም።

ከዳር ጀመርኩ። ከሜዳው ጫፍ።

ሣሩ መሃል መንገድ አለ። ቀጭን ነው፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ። ከሜዳው ማዶ ይነሳል፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ ሲደርስ ያልቃል። የተረገጠው ሣር በሙሉ የተኛው ወደ ቤቱ ነው። ወደ ሜዳው የተኛ አንድም አላየሁም።

እዚያው እንደቆምን፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከቤቱ ውስጥ...

«የጓሮ በር... ተዘጋ።»

የእናቴ ጣቶች ክንዴ ውስጥ ገቡ። አፏ ግጥም ብሏል።

«ድምፁ የኔ አይደለም አላልኳችሁም?» አለች።

ዓይኔ ግድግዳው ሥር፣ መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ያለው ሣር ላይ ነበር።

ነፋስ አልነበረም። ሣሩ ግን የረገጠው እግር አሁን ገና እንደተነሳለት ሁሉ... ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ ቀና ይል ነበር።