ስም የሌላቸው ቁጥሮች

«እንደዚህ የሚባል ልጅ እዚህ አይኖርም» አለች እናቷ። ስልኩን ዘግታ መቀሷን አነሳችና ምንም እንዳልተፈጠረ ጨርቋን መቁረጥ ቀጠለች።

ልጇ ሽቦ ከጠረጴዛው ጫፍ ቀና አለች። የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ እርሳሷ ደብተሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከስፌት መኪናው አጠገብ የተደገፈው አሮጌ ታብሌት የደዋዩን ቁጥር አሁንም ያሳያል። ቁጥሩ ስም የለውም።

ማን እንደነበር ስትጠይቅ እናቷ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ መለሰችላት። ጋራዥ ነኝ የሚል ሰውዬ ነው፤ የግድግዳ ማዶውን ረጅም ልጅ ፈልጎ ነው።

«ታዲያ ለምን የለም አልሽው?»

«እነሱም ስልክ አላቸው። እኔ የማንም ተላላኪ አይደለሁም።»

ሽቦ መልሰው ይደውሉ ይሆናል ብላ ራሷን አታልላ ወደ ደብተሯ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አንድም ሒሳብ አልወጣላትም።

ግድግዳ ማዶ ሲባል ሩቅ አገር አይምሰላችሁ። የሽቦ አያት ሲሞቱ ሁለት እህትማማቾች አንድ ቤት ወረሱ፤ መንገድ ዳር ያለው ክፍል የሚገባው ለእኔ ነው ተባብለው ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ በመጨረሻም ሳሎኑን በቺፕውድ ለሁለት ከፈሉት። በዚህ በኩል የሽቦ እናት ልብስ ትሰፋለች፤ በዚያ በኩል አክስቷ ፀጉር ትሠራለች። አንዷ ስታስነጥስ ለሌላዋ ይሰማል፤ «ይማርሽ» የሚል ግን የለም። ሊከፈል ያልቻለው የስልኩ መስመር ብቻ ነበር። የድሮ ደንበኛ ሁሉ ቁጥሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ሁለቱም አልለቅም አሉ። ስለዚህ ገመዱ ተቀጥሎ በየበኩሉ አንዳንድ ስልክ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም እኩል ያነሳሉ። «አንቺ ዝጊ»፣ «ዝጊ አንቺ» ይባባላሉ፤ ቀሚስ ልታሰፋ የደወለች አንዲት ምስኪን በመሃል ገብታ «እኔው ልዝጋ ይሆን?» ያለችበት ቀን አለ። ሌላ ቀን ደግሞ አክስቷ ቀድማ አነሳችና ለእናቷ ደንበኛ «ስፌቱን ትታዋለች፤ ዓይኗ ደክሟል» አለቻት። እናቷ ያን ከሰማች ጀምሮ ነገር በሆዷ ይዛለች።

መላውን ያመጣችው ሽቦ ናት። ከገመድና ከሶኬት ስለማትለይ «ሽቦ» የሚለውን ስም ያወጣላት የአክስቷ ልጅ ነው፤ እሷም በአጸፋው «ረጅሙ» አለችው፤ ሁለቱም ስሞች ጸደቁ። የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር መምህር በነፃ የሚገኝ አንድ ሶፍትዌር አሳዩዋት። ከስልክ መስመሩ ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር የደዋዩን ቁጥር ያነባል፤ ከዚያ በቤቱ ዋይፋይ ለየስክሪኑ ያድላል። ለቁጥሩ ስም ከሰጡት ስሙም አብሮ ይወጣል። ኮዱ ክፍት ነው አሏት መምህሩ፤ የፈለገ ሰው ከፍቶ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል፤ የሚደበቅ ነገር የለውም።

ሽቦ ከመምህሩ ያገኘችውን አሮጌ ኮምፒውተር ኮሪደሩ ላይ ከቆጣሪው ሥር አስቀመጠች። ከረጅሙ ጋር ሆነው የሁለቱንም እናቶች ደንበኞች ስም አስገቡ፤ የጠብ መነሻ የሆነውን ደወልም ጭራሽ አጠፉት። ከእንግዲህ ስልክ መጣ የሚለው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ በዚህ በኩል ታብሌቱ፣ በማዶ የአክስቷ ቴሌቪዥን። የማን ደንበኛ እንደሆነ ታይቶ ባለቤቷ ታነሳለች። ስም የሌለው ቁጥር ለሁለቱም ይታያል፤ የቀደመች አንስታ፣ የእሷ ካልሆነ ግድግዳውን ታንኳኳለች። ሰላም ለማለት ይከብዳል፤ ጩኸቱ ግን ቆመ።

እናቷ ግን አልተዋጠላትም። አዲስ ደንበኛ ማለት ስም የሌለው ቁጥር ነው፤ ታዲያ ለዚያች ምላሰኛ የሚታየው ለምንድን ነው? ነጋ ጠባ ስትጨቀጭቃት ሽቦ ታከታት። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከፍታ አንዲት የኮድ መስመር ጨመረች፤ ስም የሌለው ቁጥር ወደ ማዶ እንዳይሄድ። እውነቱን ለመናገር እሷም በአክስቷ ላይ ቂም ነበራት። አክስቷ በደንበኞች ፊት «ይቺን ቀሚስ እናትሽ ናት የሰፋችልሽ? ያስታውቃል» ብላ አስቃባታለች። ኮዱ ክፍት ቢሆንም እዚያ ቤት ከሽቦ በቀር ከፍቶ የሚያየው አልነበረም። ረጅሙ ስም ማስገባት ይችላል እንጂ ከዚያ አያልፍም።

ረጅሙ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነው። ጋራዡ በደወለበት ቀን ሊመሽ ሲል መጣና ኮሪደሩ ላይ ጠራት። ሲሮጥ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ጋራዡ ለዕረፍቱ ወራት አንድ ልጅ ወስዶ መካኒክነት ያሠለጥናል፤ ረጅሙ ይህን ሲጠብቅ ነው የከረመው። የእጅ ስልክ ስለሌለው የሰጣቸው የቤቱን ቁጥር ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ አላስችል ብሎት በዚያው ጎራ ቢል፣ ኃላፊው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ደውለን ነበር፣ እንደዚህ የሚባል ልጅ እዚህ የለም ተባልን አለው። አድራሻውን ለሚዋሽ ልጅ የሰው መኪና አደራ አንሰጥም፤ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል ብሎ አሰናበተው።

«ያነሳችው ሴት ናት ብሎኛል» አለ ረጅሙ። «አትፎግሪኝ፤ እናንተ ጋ የተደወለ ነገር ነበር?»

ከጀርባዋ የስፌት መኪናው ቆመ። እናቷ ጆሮዋን ጥላለች።

«ስም የሌለው ቁጥር ሁለታችንም ጋ ነው የሚመጣው» አለች ሽቦ። «እኛ ጋ ያነሳ የለም።»

ረጅሙ ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ መርጦ የሚያምነው እሷን ነው። አንዴ ራሱን ነቀነቀና ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያው እናቴ ናት።»

አክስቷ የጋራዡን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። ዘይት ተለቅልቆ የሚውል ልጅ አልወለድኩም እያለች ስትነዘንዘው ሽቦም በግድግዳው ሰምታለች። ስለዚህ ረጅሙ እናቱ ዘንድ የገባው ሊጠይቅ አልነበረም፤ ፈርዶ ጨርሶ ነው የገባው።

ሽቦ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማች። አክስቷ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልተነሳሁም ብላ ማለች። የደንበኛዋን ፀጉር እንኳ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ነው የሠራችው፤ ምንም አልመጣም። ጋራዡን ብትጠላውም ልጇን የለም የምትል ሴት አይደለችም።

«ማሽኑ አይዋሽም» አለ ረጅሙ። «የምትዋሺው አንቺ ነሽ።»

«እኔን? እናትህን?»

«ከዛሬ ጀምሮ እናት የለኝም።»

ቀጥሎ ቁም ሣጥን ሲከፈት ተሰማ። ማታ በሚነሳው አውቶቡስ አጎቱ ዘንድ እንደሚሄድ፣ እንደማይመለስም ተናገረ። አክስቷ ስታለቅስ ሽቦ ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ሰማች።

የሽቦ እናት የስፌት መኪናውን እንደገና ማስነሳት አልፈለገችም። ለመስማት እንዲመቻት ወንበሯን ወደ ግድግዳው አስጠጋች።

«ትቅመሰው» አለች ቀስ ብላ። «ዓይኗ ደክሟል ስትል ጣፍጧት ነበር።»

ሽቦ ተነስታ ኮሪደር ወጣች። ከቆጣሪው ሥር ተንበርክካ ያቺን መስመር ፈለገችና አጠፋቻት። ከእንግዲህ ስም የሌለው ቁጥር ሁሉ በሁለቱም በኩል ይታያል፤ ማንም አይነቃባትም። የሚጠይቅ ቢመጣ እንኳ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስሕተት የሌለው ፕሮግራም የለም ያሉት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። ሰበቡ እንዲህ ተዘጋጅቶ ቢጠብቃትም ከተንበረከከችበት መነሳት አቃታት። መስመሯ ጠፍታለች፤ ለረጅሙ የነገረችው ግን አልጠፋም። አውቶቡስ ላይ ይዞት ሊሳፈር ነው፤ የገዛ እናቱን በዚያ ውሸት ምክንያት ሊጠላ ነው። በራሷ አፈረች።

ቀና ስትል እናቷ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ማዶ።»

«ለዚያች ሴትዮ አሳልፈሽ ልትሰጪኝ? አፍሽን ከከፈትሽ እናት አለኝ ብለሽ እንዳትመለሺ።»

ሽቦ እናቷን ትወዳታለች፤ ትፈራታለችም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ከሁሉም በላይ ጠላቻት። ጉልበቷን አራግፋ በአጠገቧ አለፈችና የአክስቷን በር አንኳኳች።

አክስቷ ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ምላሷ ግን እንደተሳለ ነው።

«ምን ቀረሽ? ልትስቂብኝ ከሆነ እዚያው ሆነሽ ሳቂ፤ ግድግዳው ቀጭን ነው።»

ከኋላዋ ረጅሙ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ቆሟል። ወደ እናቱ አያይም።

«አክስቴ አይደለችም ያነሳችው» አለች ሽቦ ለእሱ። «ስክሪኗ ላይም አልመጣም። ስም የሌለው ቁጥር ወደ እናንተ እንዳይመጣ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አክስቷ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች።

«ጠይቄሽ ነበር» አለ ረጅሙ።

«አዎ። ዋሸሁህ።»

ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረው። እናቱን ሊያያት ሞከረና መልሶ ዓይኑን ሰበረ። የፊቱ ቁጣ አልበረደም፤ አሁን ወደ ሽቦ ዞሯል፤ ሽቦም ይህን አውቃ ነው የመጣችው።

«ያነሳችውስ ማን ናት?» አላት።

መልሱን ያውቀዋል፤ ከአፏ መስማት ፈልጎ ነው። ሽቦ የራሷን ጥፋት ተናግራ የእናቷን ውጣ ልትመለስ ነበር አሳቧ። ከቺፕውዱ ማዶ መቀሱም መኪናውም ጸጥ ብለዋል። በሹክሹክታ ብትነግረው እናቷ አትሰማም ነበር። ሽቦ ግን እናቷም እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር ጀመረች።