ከቆሰበር የሚመላለስ ፔዳል

ዳንግላ ውስጥ ሬዲዮው ዝም ያለበት፣ ድምፅ ማጉያው የታፈነበት ሰው ወደ ጠጋኙ ምንይችል ሱቅ ይሄዳል። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ምንይችል ብዙ አይናገርም። ዕቃውን ጆሮው ሥር አድርጎ ያዳምጣል፤ ይፈታል፤ ይበይዳል፤ ይመልሳል። እናቱ ወይዘሮ ሽታዬ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ጥጥ ይፈትላሉ። ባላቸው መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ለወይዘሮ ሽታዬ የቀራቸው ይህ ልጅና ቤተ ክርስቲያናቸው ነው።

ትሕትና የገባችው ዝናብ ሲጥል ነው። ጊታር አዝላለች፤ ዘንቢል ይዛለች። ከዘንቢሉ ሦስት የብረት ሣጥኖች አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በእግር እየተረገጡ የጊታር ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች ናቸው። ቀዩ ድምፁን ያሻክራል፤ ሰማያዊው እንደ ገደል ማሚቶ ይደጋግማል፤ ጥቁሩ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ለየብቻ ሲሆኑ ደኅና ናቸው፤ ሲያያዙ ግን ያጉረመርማሉ አለችው።

«ከየት ነው የመጣሽ?»

«ከቆሰበር።»

«እዚያ ጠጋኝ ጠፍቶ ነው?»

«ጠጋኝስ ሞልቷል። ሁሉም ጣይው ነው የሚሉኝ። አንተም ጣይው የምትል ከሆነ ንገረኝ፤ ሚኒባሱ ገና አልሞላም።»

«ቁጭ በይ» አላት።

ፔዳሎቹን ከአዲስ አበባ እየለቃቀመ የላከላት አጎቷ ነው፤ አንዱን ከዚህ ሻጭ፣ አንዱን ከዚያ። ምንይችል በገመድ አያይዞ መብራት ሰጣቸው። እንዳለችውም አጉረመረሙ። አንድ በአንድ እየነቀለ አዳመጠ። ሲያዳምጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ትሕትና ይህን አየች። እሱ ደግሞ ጊታሩን ስትሰጠው የጣቶቿ ጫፍ እንደ አናጢ እጅ መጠንከሩን አየ።

«ሦስቱም ደኅና ናቸው» አላት በመጨረሻ። «ችግሩ ሲገናኙ ነው። ቀዩ አሮጌ ሥራ ነው፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ከሁለቱ በተገላቢጦሽ ነው የሚገባው። ባንድ አዳፕተር ስታበያቸው ይጣላሉ።»

«ጥፋተኛው የትኛው ነው ታዲያ?»

«ጥፋተኛ የለም።»

ለቀዩ የራሱን ባትሪ አስገባለት፤ ሁለቱን ለአዳፕተሩ ተወ። ጉርምርምታው ጠፋ። ትሕትና እዚያው ቆማ ተጫወተች። ከግድግዳው ወዲያ እንዝርቱ ቆመ፤ ቆየት ብሎ ቀጠለ።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። እሁድ በምትጫወትበት አዳራሽ ውስጥ እንደገና አጉረመረመባት። ሱቅ ውስጥ ሲሞከር አሁንም ሰላም ነው። ምንይችል ቅደም ተከተሉን አየ፤ ሰማያዊውን ከቀዩ ፊት ቀጥላዋለች። ቀዩ ከጊታሩ ቀጥሎ ካልሆነ አይስማማውም ብሎ አስተካከለላት። ገመዶቹንም ለወጠ። በዚያ ቀን ነው ስለ ራሷ የነገረችው። አባቷ ፓስተር ፊልጶስ ናቸው፤ እዚያው ቆሰበር ያለውን የጴንጤ ጉባኤ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ኮንፈረንስ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ጊታሩ ያን ቀን ካጉረመረመ ኪቦርዱ ይበቃናል፣ ጊታሩ ከመድረክ ይውረድ ብለዋል። ትሕትና ስትጸልይ ቃል ይጠፋባታል። በጊታሩ ግን ያላት ሁሉ ይወጣል። ከወረደ ዲዳ ሆኜ መቅረቴ ነው አለችው።

እሱም የመሪጌታ ልጅ መሆኑን ነገራት። መናኸሪያው ድረስ ዘንቢሉን ይዞላት ሄደ።

«አባቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቅህ» አለች፣ እሱ ሳይጠይቃት።

«እናቴም አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቅሽ» አለ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ቆሙ። እሷ እሱን ሃይማኖትህን ተው ልትለው አልፈለገችም፤ እሱም እሷን አይላትም። የሁለቱም ልብ ይህን አወቀ። አዲስ ቅዳም ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ጆንያቸውን እያመቻቹ በመሃላቸው አለፉ። ትሕትና ተሳፍራ፣ መስኮቱን ከፍታ፣ ዝናቡ እየገባባት፣ ሱቁ ወዳለበት ሳይሆን ወደ እሱ አየች።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ዘንቢሉን እንኳ አልፈታችም። አሁንም አጉረመረመ አለችው። ምንይችል ብዙ አሰበና ጠየቃት። ኪቦርዱና ሚክሰሩ መብራት የሚያገኙት ከየት ነው? ከመድረኩ። የጊታሩ አምፕሊፋየርስ? ከኋላው ግድግዳ፣ በሌላ መስመር።

«እንግዲያው በሽታው ፔዳሉ ላይ አይደለም። አዳራሹ ላይ ነው። ገብቼ ማየት አለብኝ።»

እንዝርቱ ቆመ።

ትሕትና እንደሄደች ወይዘሮ ሽታዬ ወደ ሱቁ ብቅ አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጅቷ ጨዋ ናት። እጇም ሥራ የለመደ ነው። ግን የእነሱን አዳራሽ ደጅ የረገጥህ ቀን እኔ እናትህ አይደለሁም።» ይህን ብለው ወደ ጥጣቸው ተመለሱ።

ምንይችል መበየጃውን ይዞ ተቀመጠ። ጊታሩ ከተጠገነ ትሕትና ዳንግላ የምትመጣበት ነገር የለም። ካልተጠገነም ጊታሩ ይወርዳል፤ ያኔም አትመጣም። በየትኛውም በኩል ቢያዞረው መውጫ አጣለት። ሽቦና ብየዳ የሚያውቅ እጁ እዚህ ላይ አልሠራለትም።

ከኮንፈረንሱ በፊት ባለው ቅዳሜ በአዝመራው ሚኒባስ ወደ ቆሰበር ሄደ። አዝመራው ያንን መንገድ ሲመላለስ ያረጀ ሾፌር ነው፤ ሰው የሚሄድበትን አይቶ አይጠይቅም። አዳራሹ የቀርከሃ አጥር ያለው፣ ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ምንይችል አጥሩ ሥር ቆመ። ልምምድ ላይ ነበሩ። ጉርምርምታውን ከውጭ ሰማው፤ ደወለላት።

«የት ነህ?» አለችው።

«አጥሩ ጋ።»

ምን ላድርግ አለች። አምፕሊፋየሩን ከኋላው ግድግዳ ንቀይ አላት፤ ነቀለች። የሚጣሉት ሁለቱ መስመሮች ናቸው፤ ረጅም ማከፋፈያ ፈልጊና ኪቦርዱም ሚክሰሩም ያንቺም ዕቃ ካንድ ሶኬት ይብሉ አላት። ወንበር ሲገፋ፣ ሰው ሲጠራራ፣ ገመድ መሬት ላይ ሲጎተት ሰማ። መብራቱን መልሳ ለዕቃዎቹ ሰጠች።

ጉርምርምታ የለም።

ትሕትና ስልኩን ሳትዘጋ ተጫወተች። ምንይችል ጊታሩን ባንድ ጆሮው ከስልኩ፣ በሌላው በቆርቆሮው በኩል ሰማው። እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ስትጨርስ ወደ በሩ ወጣች። በመሃላቸው ዝናብ የጠገበ ሣር ብቻ ነበር።

«ግባና ከውስጥ ስማው» አለችው።

«ከዚህ ይሰማኛል።»

ፓስተር ፊልጶስ ከኋላዋ መጡ። መልካም ሰው ናቸው፤ ማንነቱንም ያወቁ ይመስላል።

«ልጄ፣ ዝናብ እኮ ነው። ግባ እንጂ» አሉት።

ቢቆጡት ይቀለው ነበር። ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳ፤ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ነው አላቸው። ሚኒባሱ አያመልጠውም ነበር። ትሕትና ሁለተኛ ግባ አላለችውም። እስኪርቅ ድረስ ግን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ ጊዜ ዞሮ አይቷታል።

ኮንፈረንሱ ባማረ ሁኔታ አለፈ። ጊታሩም አልወረደም። ይህን የነገረው አዝመራው ነው።

መስከረም ሲጠባ አዝመራው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞለት መጣ። «ከቆሰበር ነው። እይልኝ ብላለች» አለው። ቀዩ ፔዳል ነበር። ምንይችል ፈታው፤ አዳመጠው። ምንም አልሆነም። ባትሪው እንኳ አላለቀም። ደኅና ዕቃ ለምን እንደሚላክ ለመረዳት ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሽፋኑን ወልውሎ፣ ባትሪውን በአዲስ ቀይሮ፣ በአዝመራው መለሰላት።

ጥቅምት ላይ እንደገና መጣ። ኅዳርም። ደኅና ሆኖ ይመጣል፤ ደኅና ሆኖ ይሄዳል። በጨርቅ የተጠቀለለበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጨርቁን አስቀርቶ በሌላ ጠቅልሎ ላከው። አንዴ ቦሎኑን ሲፈታ አንድ የሣር ሰበዝ አገኘ፤ ወደነበረበት መልሶ አሠረው። በስልክ አይደዋወሉም። ቢደዋወሉ የሚሉት ያው ነው፤ መልሱንም ያውቁታል። አዝመራው «ይኸ ዕቃ ከእኔ በላይ ተመላለሰ እኮ» ይላል፤ ሌላ አይልም።

ወይዘሮ ሽታዬም ዕቃው ሲመጣ ሲሄድ ያያሉ።

ዓመት ሲሞላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አዝመራው ፔዳሉን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እንደ ወትሮው አልሄደም። ፓስተሩ ወደ ሀዋሳ ተዛውረዋል፤ ቤተሰቡም ዕቃውን ጭኖ ዛሬ ጠዋት ሄደ አለው።

«መልሱን አልጠብቅም ብላለች።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ አላለችም። እስክነሳ ድረስ ግን ከመኪናዬ በር እጇን አላነሳችም።»

ምንይችል ፔዳሉን ፈታው። ባትሪውን አውጥታ አስቀርታው ነበር። አዲስ አስገባለትና ከራሱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን ወይዘሮ ሽታዬ እንዝርታቸውን እንደያዙ ወደ ሱቁ ገቡ። መደርደሪያውን ቀና ብለው አዩ።

«ይኸ ቀይ ዕቃ ከረመ እኮ። አትልከውም?»

«የሚቀበለው የለም፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ሽታዬ ዕቃውን አወረዱት። እስከዚያ ቀን ነክተውት አያውቁም። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አገላበጡት።

«ይኸን ያህል ሲመላለስ የከረመው፣ ምኑ ነበር የታመመው?»

«ምኑም። ደኅና ነበር።»

ወይዘሮ ሽታዬ ፔዳሉን ወደ ቦታው መለሱት፤ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። በዚያ ቀን ከግድግዳው ወዲያ እንዝርት አልተሰማም።