ያበጠው ቁም ሣጥን

ቅመም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤት የምትጠራበት ስም ሌላ ነው፤ በቤትና በሰፈር ግን ሁሉም «ቅመም» ይሏታል፤ ትንሽ ሆና ቤቱን ሁሉ ታጣፍጣለችና። የምትኖረው ከአውቶቡስ ሹፌር አባቷ፣ ከነርስ እናቷ፣ ገና መዳህ ከጀመረ ሕፃን ወንድሟና ከአባቷ እናት ጋር ነው። አያቷን «እማማ» ትላቸዋለች። ሁለቱ የሚተኙት በአንድ ክፍል ነው፤ በአልጋዎቻቸው መካከልም አንድ ነጭ ቁም ሣጥን ቆሟል።

ልጆች፣ ይህን ቁም ሣጥን ልብ በሉልኝ። ወደ ቤት የመጣው በካርቶን ታሽጎ፣ ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ ነው። አባት በጉልበቱ ተንበርክኮ በካቻቪቴ ሲገጥመው ዋለ። ገጥሞ አቆመውና ላቡን ሲጠርግ፣ ሁለት ብሎን ወለሉ ላይ ቀርተው ታዩ።

«እነዚህስ?» አለች እናት።

«መለዋወጫ ናቸው» አለ አባት፤ ፊቱን ግን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የዚህ ዕቃ ውስጡ የተፈጨ እንጨት ነው፤ በሙጫ ተለውሶ፣ ተጨምቆ ሳንቃ የሆነ። ሰዎች ቺፑድ ይሉታል። ላዩን የሸፈነው ስስ፣ ነጭ፣ እንደ ረጋ ወተት የሚያብረቀርቅ ልባስ ነው። ልባሱ ደህና እስከ ሆነ ድረስ ዕቃው ዘመን ይቆጥራል። ልባሱ ከተፋቀ ወይም ውሃ በጠርዙ ሾልኮ ከገባ ግን፣ ውስጡ እንደተጠማ አፈር ይጠጣል፤ ጠጥቶም ያብጣል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናት ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል ቅመምን ጠራቻት።

«ቅመሜ፣ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ያንቺ ነው። ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ንከሪው፤ ጠብታ ሳሙና ይበቃዋል። ከዚያ እጅሽ እስኪዝል ጭመቂው። የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና አልተጨመቀም ማለት ነው። ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። የድስት ሽቦ እንዳታስነኪው! ሰማሽ?»

«ሰማሁ እማዬ።»

«ምን አልኩሽ?»

«ጭመቂ፣ ጥረጊ፣ አድርቂ። ሽቦ የለም።»

«የኔ ጎበዝ!» አለችና ሳመቻት፤ ሄደች።

ቅመም ሥራውን በደህና ጀመረች። እማማ ሕፃኑን አቅፈው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አንደኛው በር ገና ሳይጠረግ ግን በመስኮቱ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። የጎረቤቷ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ ቀስ ብላ ስትሄድ ያያት ስለሌለ ስሟ «ጥድፊያ» ሆኖ ቀርቷል።

«ገመድ እየዘለልን ነው! የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ!»

«ቆይ፣ ይህን ልጨርስ።»

«በዚህ አያያዝሽ ፀጉርሽ ይሸብታል እንጂ አይጨረስም! የድሮውን የብረት ቁም ሣጥናችሁን ግቢ አውጥተን በባልዲ አይደል እንዴ ያጠብነው? ይሄኛው ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው የሚሞላቀቀው?»

ቅመም ሳቀች። ልጆች፣ ፈተና ሁልጊዜ በአስፈሪ መልክ አይመጣም፤ አንዳንዴ እያሳቀ ይገባል። እርሷም ባልዲውን ሞላች። የዱቄት ሳሙና በእፍኟ በተነች። ከወጥ ቤት የድስት ሽቦውን አመጣች፤ ኪርር፣ ኪርር አደረገችው። ከዚያም ውሃውን ከላይ ደፋችው። ውሃው በሮቹን እየላሰ ወረደ፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር ገብቶ ተኛ። የሚታየውን አበሰች። የማይታየውን ግን «ማን ያየዋል?» ብላ ተወችው፤ እየዘለለችም ወጣች።

አመሻሹ ላይ ስትመለስ በሩ ደርቆ ነበር። ያ የወተት ወዙ የለም። ሽቦው ያለፈበት ሁሉ ደብዝዞ፣ አይጥ የጫረው መስሎ ነበር። ቅመም በእጇ ዳሰሰችው፤ ሻከራት። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ የባሰ አየች፤ የታችኛው ሳንቃ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። ልባሱ ከጠርዙ ተገንጥሎ እንደ ከንፈር ተንጠልጥሏል። በሩም ቢገፉት አይዘጋም፤ ሲጥጥ ብሎ ራሱ ይከፈታል። በሁለት እጇ ይዛ ያበጠውን ወደ ታች ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም። የልብስ ቅርጫቱን ጎትታ ከፊቱ ደቀነችው።

ከዚያ ወዲያ የገዛ ጥላዋ ያስደነግጣት ጀመር። እናቷ ወደ መኝታ ክፍሉ በተራመደች ቁጥር ቀድማ ሮጣ ቅርጫቱ አጠገብ ትቆማለች። በሩ ሲጥጥ ባለ ቁጥር ስሟን የሚጠራ ይመስላታል። ሳንቃውም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያብጥ ነበር፤ እርሷ ዝም ባለች ቁጥር እርሱ የሚያድግ እየመሰላት ትሸማቀቅ ነበር።

አንድ ቀን እናት ቅርጫቱን አነሣች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ!»

አባትም መጥቶ አጎንብሶ ዳሰሰው። «ውሃ ጠጥቷል። የበሩም ወዝ ተፍቋል።»

ቅመም ትእዛዙን በቃሏ ደግማው ስለነበር እናት አልጠረጠረቻትም፤ ሁለቱም የእማማን ወንበር ተመለከቱ። ወንበሩ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ነው። እማማም የውሃ ብርጭቋቸውን ሁልጊዜ እዚያው ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ። በዚያ ላይ በቅርቡ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሳለ ቤቱን ሁሉ ሲያስፈልጉ ውለው ነበር።

«እማዬ፣ እዚህ ውሃ ደፍተሽ ነበር እንዴ?» አለ አባት ድምፁን አለስልሶ። «ምንም አይደለም፤ ንገሪን ብቻ።»

«እኔ?» አሉ እማማ። ዐይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ተንከራተተ። «እኔ እንጃ ልጄ... አላስታውስም።»

«ደፍተው፣ ደንግጠው፣ በሽቦ አሽተውት ይሆናል» ብላ እናት በሹክሹክታ ለአባት ነገረችው። ሹክሹክታውን ግን እማማ ሰሙት።

ቅመም የክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር። አሁን መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች፤ ፍርሃት ግን ቃሉን ከምላሷ ላይ ነጠቃት። በውስጧም አንዲት ክፉ እፎይታ «ተረፍሽ!» አለቻት። ወዮ ልጆች፣ በሌላው ሰው መያዝ ከመትረፍ ያድነን!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሌላ ሰው ሆኑ። ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ብርጭቆ ለመያዝ ይፈሩ ነበር። እናት ሕፃኑን ስትሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ለእኔ አትስጪኝ ልጄ፤ እጄን አላምነውም።»

ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የልጆቻቸውን ስም ከትልቁ እስከ ትንሹ በቀስታ ይጠራሉ። ይጨርሱና ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ። ጠፍቶባቸው እንደሆነ መፈተናቸው ነበር። ቅመም አልጋዋ ላይ ሆና ስትሰማቸው ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ትስብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሯት።

«ቅመሜ፣ ነይ እስቲ። አንቺ እማማሽን አትዋሺም። ያን ውሃ ስደፋ አይተሽኛል?»

«አላየሁም እማማ።»

ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም ከሐሰት ሁሉ የከፋ ነበር።

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም አላየሁም። ይኸው እንግዲህ፤ እንዲህ ነው የሚጀምረው። እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት፤ በትንሽ በትንሹ። በመጨረሻ እኔን፣ የወለደችኝን፣ ‹አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?› ትለኝ ነበር።»

ቅመም ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ በሩን ዘግታ አፏን በፎጣ አፍና አለቀሰች። «አምላኬ ሆይ፣ ሳንቃውን መልሰው» ብላ ለመነች። እውነቱን ለመናገር የሚያስችል ድፍረት ግን አልለመነችም።

በማግስቱ እማማ አባትን አስጠሩት። ነጠላ ጫማቸውን አድርገው፣ ሻርፓቸውን አስረው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ እህትህ ዘንድ አድርሰኝ። እርሷ ቤት ትውላለች፤ ትጠብቀኛለች።»

«እማዬ፣ ለአንድ ሳንቃ ብለሽ?»

«ለሳንቃ አይደለም! ዛሬ ውሃ ነው የደፋሁት። ነገ ምድጃ ለኩሼ ብረሳስ? ያ ሕፃን ተኝቶ ሳለ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ጠልቻችሁ አይደለም፤ መሄዱንም አልወድም።»

አባት አንገቱን ደፋ። እናት ዐይኗን እየጠረገች ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ የእማማን ልብሶች አንድ በአንድ እያወጣች ሻንጣ ውስጥ ታጥፍ ጀመር። ሲጥጥ፣ ሲጥጥ ይላል በሩ።

ቅመም የሻንጣውን መሙላት ታይ ነበር። ቅጣቱን አሰበች። ባዶውን አልጋ አሰበች፤ ይህኛው ከዚያኛው ባሰባት።

«እኔ ነኝ!»

ሁሉም ዞሩ።

«እኔ ነኝ ያደረግሁት! በባልዲ ውሃ ደፋሁበት። በሽቦም ፈተግሁት። እማማ በረንዳ ላይ ነበሩ፤ ምንም አላደረጉም!»

እናት የያዘችውን ልብስ ጣለች። ቅመም ጣራው የሚወርድባት መሰላት።

«እስካሁን ድረስ?» አለ አባት። አልጮኸም፤ ድምፁ ግን ከጩኸት ይልቅ አስፈራት።

እማማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ቆይ። ውሃውን የደፋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ሽቦውንም?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ አልረሳሁም ማለት ነው?»

«ምንም አልረሱም።»

እማማ ሻርፓቸውን ፈቱ። ከዚያ እንባቸው ያለ ድምፅ ወረደ። «ልጄ፣ ሳንቃ ይተካል። እኔን ግን ራሴን አስፈራሽኝ። ሰው ከሌላው ቢሸሽ ቤት ይዘጋል፤ ከራሱ ወዴት ይሸሻል?»

ቅመም ጉልበታቸውን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። «ይቅር ይበሉኝ እማማ! ፈርቼ ነው፤ በጣም ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለተኛ ስትፈሪ ወደ እኔ ሩጪ።» እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

እናትም ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ እኔም ሳላጣራ ፈረድኩብዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ልጆች፣ ቁም ሣጥኑስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ቅመምም ጠይቃ ነበር።

«አባዬ፣ ፀሐይ ላይ ብናሰጣውስ?»

«መድረቁን ይደርቃል፤ ወደ ልኩ ግን አይመለስም» አላት። እውነቱንም ነበር። አናጺ ዘንድ ሄዶ በልኩ የተቆረጠ አዲስ ሳንቃ አመጣ። ብሎን ፈቺና ያዥ ቅመም ሆነች፤ ሁለት ቅዳሜ ጨዋታዋን ትታ ከአባቷ ጋር ጠርዙን በሙጫ አሸገች። ከሥሩም ውሃ እንዳይነካው ትናንሽ የፕላስቲክ እግሮች ገጠሙለት። የተፋቀው በር ግን እንደ ተፋቀ ቀረ። ዛሬም ቅመም ጨርቋን ጨምቃ፣ ጠርጋ፣ አድርቃ ስታበቃ፣ ያ የደበዘዘው ቦታ በእጇ ሥር ይሻክራታል።

ሥራው ባለቀ ጊዜ እናት ሻንጣውን ልትከፍት ተነሣች። እማማ ግን «ተይው፤ የት የት እንደነበሩ እኔ አውቃለሁ» አሏት። ልብሳቸውንም ራሳቸው እያወጡ፣ እያንዳንዱን በየቦታው፣ አንዱንም ሳይስቱ መልሰው ደረደሩ።

እንግዲህ ልጆች፣ የደበቅነው ጥፋት በንጹሕ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃልና፣ ብንፈራም እንኳ ሳንዘገይ እውነቱን እንናገር።