በመዳብ ሽቦ የታሰረው ጩቤ

ይህን ታሪክ አላምንም የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። ለፖሊስ ሁለት ጊዜ፣ ለሚስቴ አንድ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ቃሌ አልተለወጠም።

ከሃያ ዓመት በፊት ነው። የካቲት ወር፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ኦሃዮ፣ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ።

ፀሐዩ በረዶው ላይ ያንጸባርቃል። ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረም...

እኔና ሜርል ስቶልዝ የጀርመን መኮንኖች ለሰልፍ ይታጠቋቸው የነበሩትን ጩቤዎች እንሰበስብ ነበር። አባቶቻችን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ በሻንጣቸው ያመጧቸው ናቸው። እኔ አሥራ አንድ ነበሩኝ። ሜርል ከመቶ በላይ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። በሽማግሌ መቀለድንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

የዚያን ቀን የጠራችን ዶሪን የምትባል ሴት ናት። አባቷን ሚስተር ቦየርን በማግስቱ መጦሪያ ልታስገባቸው ነው።

"ጩቤውን ካልወሰዳችሁልኝ ከወንበሩ አይነሱም" አለችን።

ሚስተር ቦየር ወጥ ቤት ተቀምጠዋል። ጩቤው ጭናቸው ላይ ነው። እጀታውና አፎቱ በመዳብ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምጥመዋል። ሽቦ በሽቦ ላይ... የሕፃን ክንድ እስኪያክል።

"አባባ፣ ስለቱን ካላየን ማን እንደሠራው አናውቅም" አለ ሜርል ማር በሚመስል ድምፁ። "ትንሽ ይፍቱልን።"

"ውሰደው። ሽቦውን ግን አትንካ።"

"ለምን?"

ጩቤውን ወደ ሆዳቸው ሳብ አደረጉት።

ሜርል ጠቀሰኝና የድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ታሪክ የሌለው ጩቤ የሽንኩርት ቢላ ነው፣ አባባ። ከማን ነው ያገኙት?"

ሽማግሌው መስኮት መስኮቱን እያዩ ነበር።

"ልጅ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ድልድይ ሥር እጁን ሰጠ። ጩቤውን በእጀታው በኩል አቀበለኝ..."

"እርስዎስ?"

"በጫፉ በኩል መለስኩለት።"

ሜርል ሳቀ።

"ይቺ እኮ ጌጥ ናት! ስለት የላት፣ ቅቤ አትቆርጥም!"

"አዎ" አሉ በሹክሹክታ። "ለዚህ ነው ሳይሞት ብዙ የቆየው።"

...

"ስሙን ሊነግረኝ ይታገል ነበር። ለእናቱ እንድጽፍላት። ጆሮዬን ደፈንኩ።"

እዚህ ላይ መነሳት ነበረብን። ሜርል ግን ቀረብ አለ። አንቱታውም ቀረ።

"ድገመው። እንዴት እንደወጋኸው አሳየን። ግሌን ጀርመኑን ይሁንልህ!"

እኔም ሁለት እጄን ሽቅብ አንስቼ ፊታቸው ቆምኩ። እየሳቅኩ።

አዎ... ስቄያለሁ።

ሽማግሌው ሱሪያቸው ላይ ሸኑ።

"አይ ወታደር!" አለ ሜርል። "በል ግሌን፣ እጁን ያዝልኝ።"

ያዝኩለት። አንጓቸው እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር። "ዶሪን! ዶሪን!" እያለቀሱ ተጣሩ።

ዶሪን ሳሎን ነበረች። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

ሜርል በፒንሳ ሽቦውን ቆራረጠ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ከአፎቱ መዘዘው። ስድሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ብረት ነው። ዝገት ጠብቄ ነበር። ትናንት የተወለወለ ይመስላል።

ከዚያ ጉም ለበሰ።

ጠራ።

እንደገና ጉም ለበሰ... ጠራ። መስታወት ላይ ሰው ሲተነፍስበት እንደሚሆነው።

"ቅዝቃዜው ነው" አለ ሜርል። ቤቱ ግን ይሞቅ ነበር። ጩቤውንም እጁን ዘርግቶ፣ ከሁላችንም አፍ አርቆ ነበር የያዘው።

ሚስተር ቦየር ልቅሷቸውን አቆሙ። ድድ ብቻ በሆነው አፋቸው ፈገግ አሉ።

"ለቀቀኝ" አሉ። "ተመስገን... ለቀቀኝ።"

ሜርል ስለቱን ወደ አፎቱ መለሰና ወጣን። መኪናችን ከላሞቹ በረት አጠገብ ቆሟል። እዚያ ስንደርስ ሜርል ቀጥ አለ።

"ሰማኸው?"

"ምኑን?"

"ስሙን እየነገረኝ ነው..."

"ማን? ሜርል፣ አትቀልድ።"

"ዝም በል! መጨረሻውን አልሰማሁትም።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ጩቤውን በእጀታው በኩል አቀበለኝ። ከዚያ ሁለት እጁን ቀስ አድርጎ ሽቅብ አነሳና ወደ በረቱ ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

መጀመሪያ የሰማሁት ልመና ነው። ሜርል በሕይወቱ ሰው ለምኖ አያውቅም።

"እጄን ሰጥቻለሁ... እየው፣ ሰጥቻለሁ..."

ከዚያ ጮኸ።

ጩቤው አፎቱ ውስጥ ሆኖ፣ እኔው በሁለት እጄ ይዤው፣ ሜርል በጮኸ ቁጥር ወደፊት ይስበኝ ነበር። አንዴ። ደግሞ አንዴ። የደነዘ ጩቤ እንደሚገፋ ሰው... ቀስ ብሎ፣ በጉልበት።

አልገባሁም። መጮህም አልቻልኩም። ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።

ዶሪን የወጥ ቤቱን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። መልሳ ዘጋችው።

ጸጥ ሲል በሩን ገፋሁት።

ሜርል ጭድ ላይ ተንበርክኳል። ሞቷል፤ እጆቹ ግን እንደተነሱ ናቸው። የካፖርቱ ቁልፎች እስከ አንገቱ ተቆልፈዋል። ጨርቁ ላይ አንዲት ቀዳዳ የለም። ደሙ ከውስጥ በኩል፣ በእጅጌው ጫፍ ይንጠባጠባል።

ያኔ ነው ድምፄ የወጣው። "ሜርል!" ብዬ በረቱ እስኪናጋ ጮህኩ።

አንዲት ላም እንኳ ዞር አላለችም።

በረቱ ውስጥ የነበሩት ሠላሳ ላሞች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ግንባራቸውን ከሳንቃው አጣብቀዋል...

ቀረብ ብዬ አየኋቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል።