በዩኒፎርሟ ኪስ

«ሞክሪው!»

ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ እያጓራ ዞረ፣ ዞረ፣ ግን አልነሳም።

«በቃ፣ በቃ! ባትሪውን ልትገድይው ነው እንዴ?» አለ አባቷ ከተከፈተው ኮፈን ጀርባ።

ቁልፉን መለሰችው። በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ባለው ክፍተት የሚታዩዋት ግራሶ የለበሱት የአባቷ እጆች ብቻ ናቸው። ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ።

በቤት ውስጥ የምትጠራው «ረዳት» እየተባለች ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከፊት ወንበር ላይ ከአባቷ አጠገብ ስለማትጠፋ እሱ ራሱ ያወጣላት ስም ነው። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷት እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ ከፋብሪካ ሹፌርነት ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚህችው አሮጌ መኪናው የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል። ዛሬም አራቱ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ትንሿ ልጅ በየደቂቃው «አልነሳችም?» ትላለች፤ ልክ እንደማታይ።

ረዳት መኪናዋ ለምን እንደማትነሳ ታውቃለች። ምክንያቱ በዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ነው።

አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት፣ አናቷ ላይ ቁራጭ ነሐስ ያለባት። ሮተር ይሏታል። እሷ ከሌለች የሞተሩ እሳት ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አይደርስም። ድሮ መኪናዋ ከደጅ ተሰርቃ ከተገኘች ወዲህ አባቷ ሲመሽ ሮተሯን ነቅሎ በሸሚዙ የደረት ኪስ ይከታታል፣ ጠዋት ይመልሳታል። «ሌባው ከፈለገ ገፍቶ ይውሰዳት!» እያለ ይስቃል። ጥርሱን ሳይቦርሽ ያደረባቸው ቀናት አሉ። ሮተሯን ሳይነቅል ያደረበት ቀን ግን የለም።

ዛሬ ጠዋት ረዳት ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ሮተሯን ያገኘቻት የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ነበር። አረፋ ነክቷታል። በፎጣ ጠረገቻትና ወደ አባቷ ልትሮጥ ስትል ያለፈው ሐሙስ ትዝ አላት።

ሐሙስ ዕለት ልጆቹን ጭነው ሲሄዱ አባቷ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው። አቋራጭ መስሏት ዝም አለች። እሱ ግን ሄዶ ሄዶ፣ ጡረታ ከወጣበት ስድስት ዓመት የሞላው ፋብሪካ በር ላይ ቆመና ጥበቃው እንዲከፍትለት ጥሩምባ ነፋ። ልጆቹ ሳቁ። ረዳትም ሳቀች፣ ፊቱን እስክታይ ድረስ። ሲመለሱ ደንግጦ ስለነበር በተቃራኒው መስመር ገባ፤ አንድ የጭነት መኪና ለጥቂት ሳታቸው። ጥርሰ ወላቃዋ ጨዋታ መስሏት «ይደገም!» ብላ አጨበጨበች። ልጆቹን ካወረደ በኋላ አባቷ ወደ እሷ ዞረ።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ እሺ? እንቅልፍ አጥቼ ነው» አላት።

እሺ አለች። የአራት ልጆች እናቶች በየጠዋቱ እጃቸውን እያውለበለቡ ይሸኟቸዋል፤ ሐሙስን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ሮተሯን ኪሷ ከተተችና ከራሷ ጋር ተስማማች። አባቷ ራሱ ካስታወሰ፣ «ረዳት፣ ሮተሬን የት ጣልኳት?» ብሎ ከጠየቀ፣ ያኔውኑ ትሰጠዋለች። ያኔ ሐሙስም እንዳለው እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የምትመኘው ነገር አልነበራትም።

አባቷ መጀመሪያ ባትሪውን አየ። የሽቦዎቹን ራስ ፈታ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈገ፣ መልሶ አሰረ። ከዚያ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅሎ ሽታውንም አወራረዱንም አጣራ። ቤንዚን አለ። አንድ ካንዴላ ፈትቶ ከሽቦው ጋር እንደተያያዘ ሞተሩ ላይ አስጠጋውና «ሞክሪው!» አላት። ሞከረች።

«እሳት የለም» አለ ለራሱ። እጁ አሁንም ያውቃል፤ እሷን ያሳዘናት ይኸው ነው። እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ነቀለና እንደገና አስሞከራት። ጣ! ጣ! ሰማያዊ እሳት ዘለለ።

«እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። እንግዲህ ችግሩ መሀል ላይ ነው» አለ።

መሀል ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሮተሯ ቤት። እጁ ክዳኑ ላይ አረፈ። ክፈተው አባዬ፣ አለች ረዳት በሆዷ። እባክህ ክፈተው። ደረቱን ይነካል ብላ ጠበቀች፤ እንደ ልማዱ ኪሱን ዳበስ አድርጎ «ወይ ጉድ!» ሊል ነው። እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳ። ግንባሩን አከከና ግራሶ ቀባው።

«እስቲ ባትሪውን እንየው» አለ።

ረዳት ፊቷን ወደ መሪው ደፋች። ልጆቹ እንዳያዩዋት ፈለገች፣ ምክንያቱም እንባዋ መጥቶ ነበር።

ባትሪውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ ጎረቤታቸው መካኒኩ የሥራ ሣጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ካቻቢቴ» ይለዋል፤ ከእጁ ካቻቢቴ ስለማይለይ። ከአባቷ ጋር ከፋብሪካው ጀምሮ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አንድ ቀን ካልተሰዳደቡ አይዋጥላቸውም።

«ምነው፣ ሙሽራዋ ዛሬ አኮረፈች?»

«ወሬህን ተውና እየው» አለ አባቷ።

ጋሼ ካቻቢቴ ብዙ አልፈጀበትም። ሁለት መያዣዎች ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ሳቀ። «አይ አንተ ሰውዬ! ሌባ ስትፈራ ራስህን ሰረቅህ። ማታ የነቀልካትን ሮተር መልሳትና ልጆቹን አድርስ!»

«የምን ነቀላ?» አለ አባቷ።

«ሮተሯን ነዋ። ከኪስህ አውጣት።»

«እኔ? እኔ ደግሞ ሮተር ነቅዬ አውቃለሁ እንዴ?»

ጋሼ ካቻቢቴ ሳቁን አቆመ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። አባቷ ግን የደረት ኪሱን ገለበጠው፤ ባዶ ነው። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

«ቅዳሜ እዚህ ኮፈን ሥር ገብተህ የነበርከው አንተ ነህ» አለ። «ሌላ ሰው አልነካትም። ለየትኛው ደንበኛህ ገጠምክለት?»

«ምን አልክ?»

«ሰረቅከኝ ነው ያልኩህ! ቁርጥ አድርጌ ልንገርህ እንዴ?»

ጋሼ ካቻቢቴ ካቻቢቴውን ሣጥኑ ውስጥ ወረወረው። «ሠላሳ ዓመት!» አለ። ሣጥኑን ዘጋና ፊቱን አዞረ።

ረዳት ከመኪናው ወረደች። ሮተሯን አውጥታ «ሳሙናው ላይ ረስተሃት ነበር» ብትል ነገሩ በአንድ አፍታ ያበቃል፤ ጋሼ ካቻቢቴ ከስርቆት ይጸዳል፣ ሮተሯ ቦታዋ ትገባለች፣ መኪናዋ ትነሳለች። ከዚያ አባቷ አራቱን ልጆች ጭኖ ይሄዳል። የት እንደሚሄድ ግን ማን ያውቃል?

«ጋሼን ተወው። የወሰድኳት እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሮተሯን። እኔ ጋ ናት።»

አባቷ ዞሮ አያት። ከዚያ እጁን ዘረጋ። «አምጪ።»

«አልሰጥህም።»

እንዲህ ብላው አታውቅም። አባቷ የዘረጋውን እጅ አልሰበሰበም። «ሌባ ነው ያሳደግኩት?» አለ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «ከገዛ ቤቴ ሌባ? ሁለተኛ እዚህች መኪና ውስጥ እንዳላይሽ!»

ለምን ወሰድሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም። ረዳት ጠበቀችው። አንዴ ለምን ቢላት ሁሉን ልትነግረው ነበር። አልጠየቀም፤ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸና ኮፈኑን ዘጋው። ያኔ እሱም ሐሙስን እንዳልረሳ ገባት።

ጋሼ ካቻቢቴ ሁለቱንም እያፈራረቀ አየ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልጠበቀም ይሆናል። ሣጥኑን በረንዳው ላይ አስቀመጠና የጥርሰ ወላቃዋን እጅ ያዘ። «ኑ፣ ዛሬ በእግራችን ነው» አላቸው ልጆቹን።

«መኪናዋ ነገ ትነሳለች?» አለች ጥርሰ ወላቃዋ።

ረዳት ወደ ቤት ገባች። የእናቷ የስፌት መኪና ከጓዳ ይንጣጣል፤ በእሱ ድምፅ የተነሳ እናቷ የደጁን ጩኸት አልሰማችም። ቀና ብላ አየቻትና እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«እስካሁን አልሄዳችሁም? ምን ሆነሽ ነው?»

ረዳት ሮተሯን አወጣችና ያልተሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠቻት። እጇ የሳሙና ሽታ አለው።

«እማዬ፣ ባለፈው ሐሙስ አባዬ…»

ከደጅ አባቷ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። ረዳት ዝም እስኪል አልጠበቀችም፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።